የሞተ ባትሪ አሲዱ አይደፋም፦ ከአዳማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አዳማ ውስጥ የግል ኬጂ ያስተዳድራሉ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቸገሩ ከስምንት ዓመት በፊት ያስተከሉት ሶላር አሁን ሥራ አቁሟል። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ባለ 200 አምፒር አራት ጄል ባትሪዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ አብጧል፣ ከሥሩም ነጭ ነገር ወለሉ ላይ ወጥቷል። መስታወታቸው የተሰነጠቀ ሁለት ፓኔሎች፣ የተቃጠለ ኢንቨርተርና ለተማሪዎች ታድለው የተበላሹ አንድ ካርቶን የሶላር መብራቶችም አሉ። ቆራሌው «አሲዱን ደፍታችሁ ጠብቁኝ፣ በኪሎ እወስደዋለሁ» ብሏቸዋል። ዘበኛው ደግሞ «ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረውና እንገላገል» ይላል። «የቱ ይሻላል? ከዚህ ሁሉ ውስጥስ ተጠግኖ የሚሠራ ይኖራል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ሁለቱም ይቅር። አሲዱ አይደፋም፣ ባትሪውም አይቀበርም። ባትሪ ሳይሰበር እንደተዘጋ እስከተቀመጠ ድረስ እርሳሱ ከውስጡ አይወጣም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሲከፈት፣ ሲሰበር ወይም ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ እንደተዘጋ ጠብቆ፣ እንደተዘጋ ለተገቢው ተቀባይ ማስረከብ ነው።

ዛሬውኑ መደረግ ያለበትን ላስቀድም። ክፍሏን ይቆልፏት፤ ቁልፉም ከእርስዎና ከአንድ ከሚያምኑት ሰው ሌላ እጅ አይግባ። ገመዶቹን የሚፈታ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። መጀመሪያ ኢንቨርተሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ከፓኔሎቹ የሚመጣው መስመር ይቋረጣል፣ የባትሪዎቹ ገመድ የሚፈታው በመጨረሻ ነው። ሞቷል የሚባል ባትሪ እንኳ ሁለቱ ራሶቹ በመፍቻ ቢገናኙ መፍቻውን የሚያግል ኃይል አያጣም፤ ስለዚህ ራሶቹ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ደህና ተደርገው ይሸፈኑ። ባትሪዎቹ ቀጥ ብለው የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቀመጡ፣ ያበጠው ለብቻው ራቅ ብሎ። ያበጠውን «ቻርጅ ላድርገውና ልየው» የሚል ሰው ቢመጣ አይፍቀዱለት።

ወለሉ ላይ የወጣው ነጭ ነገር በደረቁ አይጠረግ። ይህን አጥብቄ የምለው የጽዳት ሠራተኛዋ በቅን ልብ መጥረጊያ ይዛ ልትገባ ስለምትችል ነው፤ የሚነሳው አቧራ ከክፍሏ አልፎ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። የጎማ ጓንትና መነጽር የለበሰ አንድ ሰው ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ቀስ እያለ ያፍስስበት። አረፋ ካወጣ አሲድ አለ ማለት ነው፤ አረፋው እስኪቆም ይጨምርበት። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ጠርጎ ጨርቁንም ጓንቱንም በላስቲክ አስሮ ከባትሪዎቹ ጋር ያስቀምጠው። ሶዳው አሲዱን ያበርደዋል እንጂ እርሳሱን አያጠፋውም፤ ስለዚህ የታጠበበት ውሃ ወደ ግቢው ወይም ወደ ቦዩ አይደፋ፤ በጨርቅና በአሸዋ ተመጥጦ ይነሳ። ፍሳሹ ከክፍሏ ወጥቶ አፈር ከነካ የላዩ አፈር እርጥብ እንደሆነ ተዝቆ በላስቲክ በተሸፈነ ማዳበሪያ ይታሰር፣ ቦታውም በሲሚንቶ ይደፈን።

አንዳንድ ባለሙያ «ጄል ስለሆነ አሲድ የለውም» ሊልዎት ይችላል። አለው። ጄል የሚባለው ያው ሰልፈሪክ አሲድ በሲሊካ ዱቄት ረግቶ ነው። እንደ ተራው ባትሪ ዘቅዝቀው ሊያፈሱት ስለማይችሉ፣ «ደፍታችሁ ጠብቁኝ» የተባለው በተግባር ሰብራችሁ አውጡት ማለት ነው።

ባለ 200 አምፒር ጄል ባትሪ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ እርሳስና የእርሳስ ውህድ ነው። አራቱ ተደምረው ከ140 ኪሎ የማያንስ እርሳስ ከሕፃናት መማሪያ ጀርባ ተቀምጧል ማለት ነው። እርሳሱ ሁሉ ደግሞ እንደ ብረት ጠጣር ሆኖ አይገኝም። የባትሪው ክዳን ሲገነጠል ስድስት ክፍሎች ይታያሉ፤ በየክፍሉ ቀጫጭን ሳህኖች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረዋል፣ አንዱ ቡናማ፣ ቀጣዩ ግራጫ። መሐሉ ያለው ወንፊት መሰል ብረት ጠጣር እርሳስ ነው። በወንፊቱ ላይ የተለጠፈው ግን ሊጥ ነው፤ የእርሳስ ኦክሳይድና የእርሳስ ሰልፌት። እርጥብ ሲሆን ጭቃ ይመስላል፣ ሲደርቅ በጣት ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ከባትሪው እርሳስ ግማሽ ያህሉ ያለው በዚህ ሊጥ ውስጥ ነው። የሚጣበቀው በእጅ፣ በልብስና በጫማ ሶል ላይ ነው፤ ባትሪ የሰበረ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ይዞት ይገባል።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ ካልሲየምን አስመስሎ ያልፋል፤ አጥንት ውስጥ ገብቶም ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል ነው ብሎ ያስቀመጠው መጠን የለም። ሕፃን ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው አዋቂ ሰው ከሚያስገባው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ፍጡር ነው። ጉዳቱ የሚታየው ቀስ ብሎ ነው። ትምህርት አይገባውም፣ አይረጋጋም፣ ሆዱን ያመዋል፣ ደሙ ያንሳል፤ ወላጅም አስተማሪም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። በሴኔጋል፣ ዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር ሰዎች አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ፣ እርሳስ የተቀላቀለበትንም አፈር እያበጠሩ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። በጎረቤታችን ኬንያ፣ ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ ሰፈር የባትሪ እርሳስ ማቅለጫ ነዋሪዎቹን መርዞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈርዷል። ያስጨነቅዎት ነገር ጨዋታ ስላልሆነ ነው እነዚህን ያነሳሁት።

ልጆች ወደዚያች ክፍል የመግባት ዕድል ነበራቸው ከተባለ ለወላጆቹ ይንገሯቸው። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ በላቦራቶሪ ይለካል፤ ሐኪም «የደም እርሳስ ምርመራ» ሲባል ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። እስከዚያው ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ማስታጠብና ወለሉን በእርጥብ መወልወል ብዙ ይረዳል።

መቅበርም ከመድፋት አይሻልም፤ ጉዳቱን ማቆየት ብቻ ነው። የባትሪው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ አሲዱና እርሳሱም ወደ አፈሩ ይወጣሉ። አዳማ በኮረብቶች የተከበበች ናት፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በየሰፈሩ እንዴት እንደሚወርድ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ግቢው ነገ ተሸጦ ሌላ ሰው ለመሠረት ቢቆፍረውስ?

አሁን ወደ ቆራሌው ልምጣ። ሰውየውን ክፉ አድርጎ ማየት አይገባም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። አሲዱ ይደፋ የሚለው በቀላል ሂሳብ ነው። የሚሸጠው እርሳሱን ነው፤ አሲዱ ለእሱ ያለ ዋጋ የሚሸከመው ክብደት ነው፣ ጋሪና ባጃጅም ላይ እየፈሰሰ ያስቸግረዋል። አዲስ አሲድ ደግሞ ውድ ነገር አይደለም፤ ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ አዋሽ መልካሳ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ስለዚህ ያገለገለውን የሚፈልግ ሰው የለም። ከቆራሌው በኋላ ባትሪው የሚደርሰው ከሰል አንድዶ የሚያቀልጥ ሰው ጋ ከሆነ እርሳሱ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ወንፊቱና ራሶቹ በቀላሉ ይገኛሉ። ሊጡን ወደ እርሳስ ለመመለስ ግን ከ1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ እቶንና ጭሱን የሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በጓሮ ይህ ስለሌለ ሊጡና አመዱ እዚያው ይጣላል፣ ጭሱም በሰፈሩ ላይ ይወርዳል። በአንጻሩ በአግባቡ ከተሠራ የእርሳስ ባትሪ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ አዲስ ባትሪ የሚሆን ዕቃ ነው፤ እርሳሱም ፕላስቲኩም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ጓሮ ለጓሮ ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ድርድሩን በዚህ መልክ ያድርጉት፦ «ሳይከፈት፣ ከነአሲዱ በኪሎ ስንት ትገዛኛለህ?» ዋጋው አሲዱ ከተደፋው ያነሰ ይሆናል፤ የአሲዱ ክብደት ስለተቀነሰ ነው እንጂ አልተጭበረበሩም። ከቆራሌው በፊት ግን ሁለት ቦታ ይጠይቁ። አንደኛው ባትሪ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ተቀብሎ ከዋጋው የሚቀንስ ነጋዴ አለ። ሁለተኛው የከተማዋ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ አደገኛ ቆሻሻ ለመሰብሰብና ለማጓጓዝ ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው፣ ጥያቄውንም በደብዳቤ ያድርጉት። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425/2010 ስላሉ የሚጠይቁት ውለታ አይደለም። ባትሪው ከአገር ወጥቶ የሚታደስ ከሆነም ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት አባል ስለሆነች ያለ ተቀባዩ አገር ስምምነት መላክ አይቻልም፤ ይህ የእርስዎ ሳይሆን የላኪው ጣጣ ነው፣ ወረቀቱን ግን እንዲያሳይዎት መጠየቅ ይችላሉ።

አራት ባትሪ ብቻ ይዞ ሩቅ ያለ ተቀባይ ማስመጣት ይከብዳል። በአካባቢዎ ያሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ተመሳሳይ ክምር እንዳላቸው እርግጠኛ ነኝ። ተነጋግረው በአንድ ቀን በአንድ መኪና ቢጭኑ የመደራደር ጉልበት ያገኛሉ። ሲያስረክቡም ብዛቱ፣ ክብደቱ፣ «ሳይከፈት» የሚል ቃልና የተቀባዩ ስም ያለበት ደረሰኝ ይያዙ።

የሚሠራ ይኖር ይሆን ላሉት፣ ከጄል ባትሪ ከስምንት ዓመት በኋላ ብዙ ተስፋ አላደርግም፤ ሆኖም ሳይለኩ አራቱንም መጣል ተገቢ አይደለም። አብረው የታሰሩ ባትሪዎች ውስጥ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል፣ ሁሉም የሞቱ ያስመስላል። ካበጠው በቀር ሦስቱ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ለጄል በሚሆን ቻርጀር እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሙሉ ቻርጅ ይደረጉና አንድ ቀን ይረፉ። ከዚያ በቴስተር ሲለኩ 12.7 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳዩ ወደ ቀጣዩ ፈተና ይለፉ፤ 10.5 አካባቢ የቆመ ከሆነ በውስጡ ካሉት ስድስት ክፍሎች አንዱ ሞቷል፣ አይድንም። ቀጣዩ ፈተና 55 ዋት የመኪና አምፖል አብርቶ መጠበቅ ነው። ባትሪው 11.5 ቮልት ከመድረሱ በፊት 20 ሰዓት ያህል ካቆየ ግማሽ ያህል አቅም አለው፤ ለኮሪደርና ለቢሮ መብራት ይበቃል። ሦስትና አራት ሰዓት ብቻ ከሆነ ከያዘው ኃይል ይልቅ እርሳሱ ይሻላል። «ከፍተን ዱቄት ጨምረን እናድሳለን» የሚሉትን አይስሙ፤ ጄል ባትሪ ተከፍቶ የሚሞላ አይደለም።

ለምን እንደደከመ መገመት አያቅትም። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የአዳማን ፀሐይ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቆልፈውበት ስምንት ዓመት መድረሱ ራሱ ጥሩ ነው።

ፓኔሎቹ አያስቸኩሉም። ከክብደታቸው ሦስት አራተኛው ያህል መስታወት ነው፤ ቀሪው አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክ፣ ሲሊከን፣ ጥቂት መዳብና ብር፣ በብየዳው ላይ ደግሞ ጥቂት እርሳስ። የተሰነጠቀ ፓኔል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ውሃ ከገባበት ደግሞ ክፈፉ ሊነዝር ይችላል። በወፍራም ጨርቅ ወይም በካርቶን ሸፍነው፣ ገመዱን አስለይተው፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ያቁሟቸው። አሉሚኒየሙን ገንጥሎ መስታወቱን የሚጥል ሰው ከመጣ አይስጡት፤ የስብርባሪው ጣጣ ለእርስዎ ይቀራል። የጀርባውን ፕላስቲክም የገመዱን ልባስም ማንም እንዳያቃጥል፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል። ኢንቨርተሩን ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያሳዩት፤ ባይጠገንም ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርና ሌላው ዕቃ ለመለዋወጫ ይሆናል።

የሶላር መብራቶቹን ካርቶን ግን ዝም ብለው አያስረክቡ፤ በውስጡ ብዙ ደህና ነገር አለ። እንዲህ ዓይነት መብራት «ሞተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ማብሪያው፣ የቻርጅ ቀዳዳው ወይም የፓኔሉ ገመድ ነው። ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች በቀላሉ ይሠሩታል። ባትሪው ራሱ ከደከመ በሚቀየርበት ጊዜ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሊቲየም ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም። 3.2 ቮልት የተጻፈበት ሙሉ የሚሆነው 3.65 ላይ ነው፤ 3.6 ወይም 3.7 የተጻፈበት ደግሞ 4.2 ላይ። ለ4.2 በተሠራ መብራት ውስጥ ባለ 3.2ቱን ከከተቱት ከልክ በላይ ይሞላና ያብጣል። ከሱቅ ሲገዛ የአሮጌውን ጽሑፍ ማነጻጸር ግድ ነው። ያበጡትና የማይጠገኑት ራሳቸው በፕላስተር ታሽጎ፣ ደረቅ አሸዋ ባለበት የብረት ጣሳ ውስጥ፣ ከሚቃጠል ነገር ርቀው ይቀመጡ። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ የቆሻሻ መኪና ሲጨፈልቃቸው እሳት ይነሳል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ዓይኔ ወደ ከተማዋ ዳር ኮረብቶች ይሄዳል። እዚያ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት። እንዲህ ያለ ተርባይን 20 ዓመት ያህል እንዲያገለግል ነው የሚሠራው፤ የመጀመሪያዎቹ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ብረቱና መዳቡ ገዢ አያጣም፣ የፋይበር መስታወት ክንፎቹ ግን ተቆርጠው የትም የሚጣሉ እንዳይሆኑ ከአሁኑ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። የፀሐይ ፓኔልም እንዲሁ ነው፤ ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምት እስከ 2050 በዓለም ላይ የሚከማቸው የፓኔል ቆሻሻ እስከ 78 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ ይችላል።

አዲስ ባትሪ መግዛትዎ ስለማይቀር አንድ ምክር ልጨምር። አቅምዎ ከፈቀደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ይውሰዱ። ዋጋው ከጄል ይበልጣል፣ ግን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ይራገፋል፣ እርሳስም የለውም። ሲያረጅ በውስጡ ኮባልትም ኒኬልም ስለሌለ እንደ እርሳስ ባትሪ ሮጦ የሚገዛው አይኖርም፤ ስለዚህ የመመለሱ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ነው የሚያልቀው። ከሻጩ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ «ባትሪው ሲያረጅ ሻጩ ሳይከፈት ከግቢው በራሱ ወጪ ያነሳል፣ ለማን እንዳስረከበም በጽሑፍ ያሳውቃል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። አልፈርምም ካለ ሌላ ሻጭ ጋ ይሂዱ። የመጨረሻውን ክፍያም ባትሪው ቆርቆሮ ሳይሆን ብሎኬትና ኮርኒስ ባለው፣ ከላይና ከታች አየር በሚያስገባ፣ ልጆች በማይደርሱበት ክፍል ውስጥ መተከሉን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይክፈሉ።